ወደ አንታርክቲካ ከመሳፈራችን በፊት በኡሽዋያ ያሳለፍናቸው ሦስት ቀናት

በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ባለችው በኡሽዋያ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚያመጣው ቀበቶ ባዶውን ሁለት ዙር ዞሮ ሲቆም የአባቴ ሻንጣ አልመጣም ነበር። የዝናብ ልብሳቸው፣ ወፍራም ካልሲዎቻቸውና ለዚህ ጉዞ ብለን የገዛነው ጫማ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ መርከባችን የሚነሣው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር ሦስት ቀን በእጃችን ነበረ፤ ሻንጣውም ሐሙስ ማታ ደረሰ። ከእኛ ጋር በአንድ አውሮፕላን የመጡ አንድ ባልና ሚስት ግን የሚሳፈሩት በዚያው ዕለት ስለ ነበር፣ ጓዛቸው ቦነስ አይረስ መቅረቱን ሲያውቁ በእጅ ቦርሳቸው ብቻ ወደ ወደቡ ሲሄዱ አይቻለሁ። ወደ አንታርክቲካ የሚጓዝ መርከብ ለአንድ መንገደኛ ብሎ አይዘገይም፤ አንድ ጊዜ ከተነሣም ተከትለው የሚደርሱበት ሌላ ወደብ የለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክራችሁ ከመርከቡ መነሻ ቀን በፊት ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሌሊት ቀደም ብላችሁ እንድትገቡ ነው። እነዚያ ቀናት በመጠበቅ ብቻ የሚያልፉ አለመሆናቸውንም ከዚህ በታች በምጽፈው ታዩታላችሁ።

አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይም አገልግለዋል። ባሕር ኃይሉ ከፈረሰ በኋላ ግን ባሕር ላይ ወጥተው አያውቁም። «ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ትልቅ ባሕር ላይ ልውጣ» ካሉኝ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔም ዋሽንግተን አካባቢ ስለምኖር፣ ገንዘቡን ቀስ በቀስ አጠራቅሜ ቦነስ አይረስ ላይ ተገናኘን። እርሳቸው የመጡት የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሳኦ ፓውሎ በኩል በከፈተው መስመር ነው።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአርጀንቲናን ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ አዲስ አበባ ኤምባሲ አለ። ቪዛውን ስትጠይቁ መርከቡ ወጥቶ ወደ አርጀንቲና የሚመለስ መሆኑን ተናግራችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ መግባት የሚፈቅድ እንዲሆን ጠይቁ። ከውጭ የሚመጡት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚያርፉት ኤሴሳ በተባለው ማረፊያ ሲሆን፣ ወደ ኡሽዋያ የሚሄዱት ብዙ በረራዎች ደግሞ የሚነሡት ከመሀል ከተማው አቅራቢያ ወንዝ ዳር ካለው ከአኤሮፓርኬ ነው። ሻንጣችሁን ራሳችሁ አንሥታችሁ፣ በመኪና ከተማውን አቋርጣችሁ፣ እንደገና ታስመዘግባላችሁ፤ መንገዱ ከተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። እኛ አንድ ሌሊት ቦነስ አይረስ አድረን ማለፋችን ለአባቴ ጉልበት በጣም ጠቅሟል። ከዚያ ወደ ኡሽዋያ ያለው በረራ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የደም ግፊትም ሆነ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለጉዞው ሁሉ የሚበቃውን በእጅ ቦርሳው ይያዝ፤ የአባቴ መድኃኒት በእኔ ቦርሳ ውስጥ ባይሆን ኖሮ የሻንጣው መቅረት በልብስ ብቻ የሚያልፍ ጉዳይ አይሆንም ነበር።

ኡሽዋያ የቲዬራ ዴል ፉዌጎ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በ54 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ላይ፣ በማርሻል ተራራና በቢግል ሰርጥ መካከል ባለ ተዳፋት ላይ ተሠርታለች። የእግረኛ መንገዶቿ እንደ እንጦጦ አቀበት ጉልበት ይፈትናሉ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ይዞ የሚመጣ ሰው ማረፊያውን ከሳን ማርቲን ጎዳና ብዙ ሳይርቅ ታች በኩል ቢይዝ ይሻለዋል። በታኅሣሥ ወር የደቡቡ በጋ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በጋ ቢባልም ሙቀቱ በአብዛኛው ከ15 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ፀሐይ፣ ዝናብ፣ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ ይፈራረቃሉ። በዚያ አካባቢ የኦዞን ሽፋኑ ስለሚሳሳ፣ ብርድ ነው ብላችሁ የፀሐይ ቅባት ሳትቀቡ አትውጡ።

የቀኖቻችሁን ቅደም ተከተል የሚወስነው ነፋሱ ነው። ነፋስ ሲበረታ የወደቡ ኃላፊዎች ወደቡን ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ቢግል ሰርጥ የሚወጡት ትንንሽ ጀልባዎች ሁሉ ይቆማሉ። ስለዚህ ጸጥ ያለ ጠዋት ስታገኙ ለጀልባው፣ ዝናብ የሌለበትን ቀን ለብሔራዊ ፓርኩ፣ ዝናባማውን ቀን ደግሞ ለእስር ቤቱ ሙዚየም አድርጉት። የእያንዳንዱን ቀን ትኬት ከወራት በፊት መግዛት አያስፈልግም፤ እኛ ሁሉንም የገዛነው በዋዜማው ማታ ነው።

የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ ያሳለፍነው በባሕሩ ዳር በማይፑ ጎዳና ላይ በመሄድ ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ መቀመጫዎች አሉት፣ ገንዘብም አያስከፍልም። የአንታርክቲካ መርከቦች በረጅሙ መድረክ ግራና ቀኝ ታስረው ይታያሉ። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አንዱን ሰማያዊ መርከብ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ከፊት የሚወጣው ገመድ፣ ከኋላ የሚወጣው ገመድ፣ መርከቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዙት አግድም ገመዶች የትኞቹ እንደሆኑ ለየብቻ አስረዱኝ። ገመዶቹ ላይ የተደረጉትን ክብ ቆርቆሮዎች አይጥ ወደ መርከብ እንዳይወጣ የሚከለክሉ መሆናቸውን የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። በነፋሱ ዓይናቸው እያነባ «እኛም እንዲህ ነበር የምናስር» አሉኝ።

ከዚያው ዳርቻ ጥቂት አለፍ ብሎ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የተቀመጠች አንዲት ዝገት የበላት መርከብ አለች። ስሟ ሴንት ክሪስቶፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያገለገለች ጎታች መርከብ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደዚህ የመጣችው ሞንቴ ሰርቫንቴስ ከተባለው መርከብ ሊወጣ የሚችለውን ንብረት ለማውጣት ነበር፤ እርስዋም በተራዋ ተበላሽታ እዚያው ቀረች። ሞንቴ ሰርቫንቴስ ከ1,000 በላይ መንገደኞች የጫነ የጀርመን የሽርሽር መርከብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1930 ከኡሽዋያ እንደ ወጣ ከከተማዋ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች አጠገብ ከውኃ በታች ያለ ዓለት መትቶ ሰጠመ። ከካፒቴኑ በቀር ሁሉም ተረፉ። የከተማዋ ነዋሪ በዚያን ጊዜ ከመንገደኞቹ ቁጥር ያነሰ ነበር፤ ያም ሆኖ እኅት መርከቡ ሞንቴ ሳርሚዬንቶ መጥቶ እስኪወስዳቸው ድረስ ያንን ሁሉ ሰው አስጠግተው አበሉ። መንገደኛ ሆኖ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ይህን ታሪክ አውቆ በዚያ ዳርቻ ቢያልፍ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚያው አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1982 አርጀንቲናና እንግሊዝ ፎክላንድ ወይም ማልቪናስ በሚባሉት ደሴቶች ምክንያት በተዋጉበት ጦርነት ለሞቱት የቆመ መታሰቢያ አለ። ሄኔራል ቤልግራኖ የተባለችው የጦር መርከብ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣችው ከኡሽዋያ ሲሆን፣ በሜይ 2 ስትሰጥም 323 ሰዎች አልቀዋል። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ በአጠገባችን ያለፉ አንድ አዛውንትም ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ጨብጠዋቸው ሄዱ። በዚያ ከተማ ደሴቶቹን ማልቪናስ ብላችሁ ጥሩ፤ ጉዳዩ ለነዋሪዎቹ ትላንት እንደ ሆነ ያህል ነው።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስለዘነበ ወደ እስር ቤቱ ሙዚየም ሄድን። አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህንን እንዲያይ እመክራለሁ። እስረኞቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1920 የሠሩት፣ ከአንድ መሀል እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጉ አምስት ክንፎችና 380 ክፍሎች ያሉት የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የተዘጋው በ1947 ነው። አራቱ ክንፎች ታድሰው ለኤግዚቢሽን ሲውሉ አንደኛው ክንፍ ግን እንደ ነበረ ቀርቷል። ማሞቂያ የለውም፣ ቀለሙ ተላልጧል፤ ክፍሎቹ ውስጥ ገብቶ ሁለት እጁን የሚዘረጋ ሰው ሁለቱን ግድግዳዎች ለመንካት ጥቂት ነው የሚቀረው። ካፖርታችሁን ልብስ ማስቀመጫ አትተዉ፤ ያ ክንፍ ከውጭው ይበርዳል። በዚያ ከታሰሩት መካከል ሲሞን ራዶቪትስኪ የተባለው አናርኪስት (መንግሥት አያስፈልግም ባይ) በ1918 አምልጦ ተይዞ ተመልሷል፤ ታሪኩ በክፍሉ በር ላይ ተጽፏል።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ ለመርከብ ጉዞው የሚያዘጋጅ ብዙ ነገር አለ። በዚያ ባሕር ያለፉ መርከቦች በትንንሹ ተሠርተው ተደርድረዋል። ስለ አንታርክቲካ በሚናገረው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 በበረዶ ተይዞ መርከቡን ያጣውን የስዊድን የምርምር ቡድን ሄዳ ያዳነችው የአርጀንቲና መርከብ ኡሩጓይ ታሪክ አለ። አባቴን ከዚያ ማስወጣት አቅቶኝ ሦስት ሰዓት ቆየን። ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ መድቡ።

አርብ ጠዋት ነፋሱ ስለበረደ ጀልባውን ያዝን። ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ ሲሆን የባሕር አንበሶች የተኙበትን ዓለት፣ ወፎች የሞሉበትን ደሴትና ሌ ዘክሌሬር የተባለውን ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ የመብራት ማማ ያሳያል። ማማው 11 ሜትር ብቻ ቁመት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ያበራል። ከሩቅ ጥቁርና ነጭ ሆነው ቀጥ ብለው የቆሙት ወፎች ፔንግዊን ይመስላሉ፣ ነገር ግን ኮርሞራን የሚባሉ የሚበሩ ወፎች ናቸው። እውነተኛዎቹን ፔንግዊኖች ማየት ለሚፈልግ ወደ ማርቲዮ ደሴት የሚሄድ ሌላ ረጅም ጉዞ አለ። በዚያ ደሴት ያሉት ማጄላኒክ ፔንግዊኖች ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩና አንታርክቲካ ላይ የማታገኟቸው ስለሆኑ፣ አራተኛ ቀን ያለው ሰው ቢሄድ አይቆጭም።

ከጀልባው ወርደን ከቀትር በኋላ በሚኒባስ ወደ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ፓርኩ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሚኒባሶቹ መነሻ ከወደቡ አጠገብ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በባሕሩ ዳር ያለውን 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የእግር መንገድ በአራት ሰዓት ይሄደዋል። እኛ ግን ላፓታያ ድረስ በመኪና ሄደን ከዚያ በእንጨት በተነጠፈው አጭር መንገድ ቀስ እያልን ተራመድን፤ ለአረጋውያን የሚመች ነው። ከቦነስ አይረስ የሚነሣው 3 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚያበቃው እዚያ ነው፤ ሰሌዳው እስከ ቦነስ አይረስ 3,079፣ እስከ አላስካ 17,848 ኪሎ ሜትር ይላል።

የፓርኩ ዛፍ አብዛኛው ሌንጋ ይባላል። ከቅርንጫፎቹ ላይ እኛ በደጋው አገር የዛፍ ሽበት የምንለው ዓይነት አረንጓዴ ነገር ተንጠልጥሏል፤ እነርሱም የሽማግሌ ጺም እንደሚሉት አስጎብኚው ሲነግረን አባቴ ደስ አላቸው። በየወንዙ ዳር ደግሞ ደርቀው እንደ አጥንት የነጡ ዛፎች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1946 ለቆዳቸው ተብለው ከካናዳ የመጡ ቢቨር የሚባሉ 20 እንስሳት ተራብተው ወንዙን በእንጨት እየገደቡ ጫካውን በውኃ አስጥመውታል። ሌንጋ እንደ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ስላልሆነ የሞተው ቦታ እንደ ሞተ ቀርቷል።

በዳርቻው ሣር የለበሱ ዝቅተኛ ክብ ጉብታዎች አሉ፤ በጥንቃቄ እለፏቸው፣ አትርገጧቸው። ያማና የተባሉት የአካባቢው ተወላጆች ለሺህ ዓመታት የበሏቸው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት ቅርፊት ነው። በታንኳ የሚኖሩ፣ እሳት በታንኳቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩ ሕዝቦች ነበሩ፤ ማጄላን እ.ኤ.አ. በ1520 ሲያልፍ ያያቸው እሳቶች አገሩን ቲዬራ ዴል ፉዌጎ፣ ማለትም «የእሳት ምድር» አሰኙት። ኡሽዋያ የሚለው ቃል ራሱ ከቋንቋቸው የተወሰደ ሲሆን ጥልቅ የባሕር ወሽመጥ ማለት ነው። ከ32,000 በላይ ቃላቱን ቶማስ ብሪጅስ የተባለ ሚስዮናዊ መዝግቦታል። ሆኖም ቋንቋው የአፍ መፍቻዋ የነበረ የመጨረሻዋ ሰው ክሪስቲና ካልዴሮን በፌብሩዋሪ 2022 በ93 ዓመቷ አርፋለች። በአማርኛ ከአባቴ ጋር እያወራሁ በዚያ ጉብታ አጠገብ ሳልፍ ይህ ነገር በጣም ከበደኝ።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል። የሄድነው በጾመ ነቢያት ነበር፤ አባቴም ጾማቸውን አይፈቱም። ከተማዋ የምትታወቀው በእሳት ዳር ተሰቅሎ በሚጠበስ በግና ሴንቶሻ በሚባል ትልቅ ሸርጣን ነው፤ የምስር ሾርባ ስታዝዙ እንኳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቋሊማ አለበት። «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ሁዌቮ» የሚሉትን ቃላት ያዙ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። እኛ ማብሰያ ያለው ማረፊያ ይዘን ከሱፐርማርኬት ምስር፣ ሽንኩርትና ዘይት ገዝተን ራሳችን እንሠራ ነበር። የምሽት ምግብ ቤቶች የሚከፈቱት ዘግይተው ስለሆነና ሱቆቹም ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ስለሚዘጉ ይህን አስባችሁ ውጡ። ለመርከቡም የጾም ምግብ ፍላጎታችሁን በጽሑፍ ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ እኛ ከሁለት ወር በፊት ስላሳወቅን አልተቸገርንም። ካርድ በአብዛኛው ቦታ ይሠራል፤ ሆኖም ያልታጠፉና ያልተጻፈባቸው የመቶ ዶላር ኖቶች ጥቂት ያዙ።

የመጨረሻውን ማታ ለልብስ ጽዳት ተዉት። ወደ አንታርክቲካ ምንም ዓይነት ዘር፣ አፈር ወይም ነፍሳት እንዳይገባ መርከቡ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ጫማ፣ ቦርሳና የውጭ ልብስ ይመረመራል። ፓርኩ ውስጥ እንደ ጭጎጎት ከልብስ ጋር የሚጣበቅ ዘር ያለው ተክል አለ። አርብ ማታ እኔና አባቴ በመብራት ሥር ተቀምጠን፣ እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በመርፌ፣ እኔ በወረንጦ፣ ከሱሪያቸው ቬልክሮ ላይ አንድ በአንድ ስንለቅም አመሸን፤ ጫማዎቹንም በጥርስ ብሩሽ አጠብናቸው። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። በማግስቱ መርከቡ ላይ ብዙ ሰዎች ወረፋ ይዘው ሲለቅሙ እኛ ወዲያው አለፍን። የዝናብ ሱሪና ጓንት የሌለው ሰው ሳን ማርቲን ጎዳና ላይ መከራየት ይችላል፤ ቦቲ ጫማና ጃኬት የሚሰጡ መርከቦች ስላሉ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜ ጠዋት የክፍል ቁጥራችን የተጻፈበትን ምልክት ሻንጣዎቹ ላይ አስረን በተነገረን ቦታ አስረከብን፤ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና አንድ ሙቅ ልብስ በእጃችን ቀሩ። በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ላለው ማዕበለኛ ባሕር፣ ለድሬክ መተላለፊያ የሚሆን የባሕር ሕመም መድኃኒት ከከተማው ፋርማሲ ግዙ፤ የሌላ መድኃኒት ተጠቃሚ ከሆናችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። የሚወሰደው መርከቡ መናወጥ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከቢግል ሰርጥ እስክትወጡ ድረስ ባሕሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። አባቴ የሰጡኝ ምክርም ሠርቶልኛል፤ ባዶ ሆድ አለመሆን፣ ደረቅ ዳቦ መብላት፣ ዓይንን ሰማይና ውኃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ማሳረፍ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተሳፈርን፤ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ገመዶቹ ተፈቱ። በዚያ ሰዓት ክፍላችሁ ውስጥ አትቀመጡ፤ ወደ መርከቡ ጀርባ ውጡ፣ ካፖርት ልበሱ። ከተማዋ ከተራራው ሥር እየጠበበች ትሄዳለች፣ የመብራት ማማው በቀኝም በግራም ሊያልፍ ይችላል፣ ከዚያ ሰርጡ በሁለቱም በኩል በረዶ በጫኑ ተራሮች መካከል ለሰዓታት ይቀጥላል። አባቴ እራት እንኳ በጥድፊያ በልተው ተመለሱ። መርከቡን በሰርጡ የሚመራው የአካባቢው መርከብ መሪ የሚወርድበትን ለማየት ነበር የሚጠብቁት። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል ትንሽ ጀልባ መጥታ ከጎናችን ተጠጋች፤ ሰውየው በገመድ መሰላሉ ወርዶ እጁን አነሣ። አባቴ ከላይ ሆነው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አድርገው ሰላምታ ሰጡት፤ ጀልባዋም ወደ ኡሽዋያ ዞረች።